የአባዬ ወፎች

እሑድ ጠዋት፣ ጥቅምት 9

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? አጎታችን የአባዬን መርዶ በስልክ ካረዳህ ወዲህ እንቅልፍ አጥተሃል አሉኝ። እኛ አለን። እማዬ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ጀምራለች። “ወንዝ ዳር ያደገ ሰው እንዴት ውሃ ይወስደዋል?” ብለህ አጎታችንን ጠይቀኸዋል። ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ።

አባዬ ከውሃ ማጣሪያው ጡረታ ከወጣ በኋላ ምን ሆኖ እንደነበር ደብቀንሃል። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ መዋል ነው። ብታናግረው መልሱ “እ?” ብቻ ነበር። ካሜራውን ስትልክለት ነው እንደገና ሰው የሆነው። መጀመሪያ ሰሞን የሚያነሳው ሁሉ ባዶ ሰማይ ነበር፤ ቢበዛ ጥግ ላይ የሆነ ጭራ ይታያል። “ወፏስ?” ስንለው “አሁን ሄደች” ይለናል። እልኸኛነቱን ታውቃለህ። ወፏ ለመብረር ስትል አንገቷን እንደምታሰግግ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ እንደምትበር እያየ ለመደው። “የቆመችውንማ ማንም ያነሳታል፤ የመታወቂያ ፎቶ ነው!” ይላል። እማዬም “እኔን ከሠርጋችን ወዲህ አንድ ቀን አንስተኸኝ አታውቅም፤ ክንፍ ላብቅልልህ እንዴ?” ስትለው ከት ብሎ ይስቅ ነበር። ያንን ሳቅ ከሰማን ስንት ዘመናችን!

በዚህ ክረምት ግን ወንዙ መታጠፊያ ላይ አሸዋ አውጪዎች መጡ። ከስር ከስር እየቦረቦሩ ዳሩን ባዶ አስቀሩት። ከላይ ላየው ሣር የለበሰ ደህና መሬት ነው። አቤት አልን፤ “እናየዋለን” ተባልን። አባዬንም “እባክህ እዚያ አትቁም” ብዬው ነበር።

“ሽመላዎቹ የሚነሱት ከዚያ ነው። ታዲያ የት ልቁም፣ ጣሪያ ላይ?” አለኝ።

የዛሬ አሥር ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ሽመላ ከውሃው ተነሳች። ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል፣ እግሩን ሳያይ፣ እየተከተላት ወደ ዳሩ ሄደ። መሬቱ ከነሣሩ ተናደ።

ይህን የነገረን ከአሸዋ ጫኞቹ አንዱ ነው። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ስንት ለምኜ ነው ያስገባሁት።

“ገመድ ወረወርኩላቸው፣ እናቴ” አላት እማዬን። “እፊታቸው ነው የወደቀው። ውሃው ገና አገጫቸው ጋ ነበር። ‘አባባ፣ ያዙት! በእጅዎ ያዙት!’ እያልኩ እጮሃለሁ። እሳቸው ግን…”

“በቃ ልጄ” አለችው እማዬ።

“አይ፣ ልንገርዎት። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ…”

“በቃ አልኩህ! አንተ የቻልከውን አድርገሃል።”

እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ሰውየው ተነስቶ ወጣ። ውጭ ድረስ ሸኘሁት።

አሁን እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ “ደንግጦ ነው ገመዱን ያልያዘው ብለሽ ጻፊለት” ትለኛለች። ደንግጦ ነው፣ ወንድሜ።

ካሜራው ደህና ነው። ያው ሰውዬ ዳር ላይ ከሣሩ አንስቶ በሹራቡ ጠቅልሎ አምጥቶልናል። ጠብታ ውሃ አልነካውም። እና አደራህን፣ “ምነው ባልላክሁለት” የምትለዋን ነገር ከአፍህ አታውጣት። አንተ አባትህን ከሞት አስነስተኸው ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ። ለቀብሩ አልደረስኩም ብለህም ራስህን አትብላ፤ አገር ምድሩ ቀብሮታል።

እማዬ ካሜራውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ማንንም አታስነካም። ትናንት ከገበያ ስመለስ ሣጥኑን ከፍታ ቆማ ነበር፤ መግባቴን አልሰማችም። “ዕቃ እኮ ነው! ዕቃ! ልጁ ሌላ ይልክልህ አልነበር?” እያለች ስትቆጣ ደረስኩ። ድምፅ ሳላሰማ ወደ ውጭ ተመለስኩ።

ባለህበት ደህና ሰው ያጋጥምህ፤ ክፉ አይንካህ። ደውልላት፤ ድምፅህን ስትሰማ ትበረታለች።

የምትወድህ እህትህ