ክፍተት የሌለው ሰልፍ

ጠመኔዬ፣

የሒሳብ ሊቃውንቱ ጉባኤ ጉድ ነው፤ እንኳን አልመጣሽ፣ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር የቁጥር መስመርን ባሕርያት አስረዱን፦ መጀመሪያ የለውም፣ መጨረሻ የለውም፣ በሁለት ነጥቦች መሃል ምንጊዜም ሌላ ነጥብ አለ፣ አንዳችም ክፍተት የለውም።

ከዚያ ለምሳ ተሰለፍን። ወጥ ቤቷ ጭልፋዋን ይዛ «መጀመሪያ ማን ነው?» ብትል፣ ሁሉም «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባለ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መጨረሻ መቆምም የሚወድ የለም፤ አዲስ የመጣ ሁሉ የሚያውቀውን ሰው እየፈለገ መሃል ይገባል። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲያዩ እንደ ሕፃን ፈነደቁ። «የቁጥር መስመር ማለት እኛ ነን!» ብለው ከሰልፉ ወጡና የምሳውን ዝርዝር ከሰሌዳው አጥፍተው የዚህን የሒሳብ ማረጋገጫ መጻፍ ጀመሩ። ወጥ ቤቷ ግን ትዕግሥቷ አለቀና ቅርቧ የቆመውን ክንዱን ጎትታ ማደል ጀመረች። ፕሮፌሰሩ ጨርሰው ቢመለሱ ቦታቸው የለም።

«እዚህ ነበርኩ እኮ!» ቢሉ፣ ከኋላቸው የነበረው ሰውዬ «ክፍተት የለውም ብለውን የለ እንዴ?» አላቸው።

ከሁላችንም በላይ ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ጋ ሲደርስ ግን ምሳው አለቀ፤ ዳቦዬን አካፈልኳቸው። እኛ ሰፈር እኮ በውኃ ሰልፍ ለባዶ ጀሪካን እንኳ ቦታው ይከበርለታል!

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ መንትዮቹን ሳሚልኝ። በሁለት መስመር መሃል ሁልጊዜ ሦስተኛ ይገባል ብዬ እያጠበብኩ ጻፍኩ፤ ፖስት ካርዱ ግን ጫፍ አለው። ቦታ ስላለቀብኝ «ናፍቀሽኛል» የሚለውን ቴምብሩ ሥር ጽፌዋለሁ፤ ቴምብሩን በእንፋሎት አስለቅቂው።