ብቻህን የገባህበት ጫካ

ጌቱ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸን አሥራ አራት ወር ሆነ። አሥራ አራቱንም ወር ስናደድብህ ነው የከረምኩት።

ቤታችን እንዳለ ነው፤ ከሜስኪት ሰፈር አልወጣንም። ልጅህ ሶስና በቁመት በልጣኛለች፣ መንጃ ፈቃድም አውጥታለች። እኔ ፋርመርስ ብራንች ባለው መጋዘን ወደ ቀን ሺፍት ተዛውሬያለሁ። መጥረቢያህን አምጥተው ሲሰጡኝ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወርኩት። አልጸጸትም።

ያ ሁሉ የጀመረው ዳላስ በበረዶ ተይዛ መብራት የጠፋ ጊዜ ነው። በረንዳ ላይ በእርጥብ እንጨት እሳት አንድደህ ሻይ አፈላህልን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የብርዱ ወራት ሲመጣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ነህ። መጀመሪያ ከጓደኛህ ከብሩክ ጋር ነበር፤ በኋላ ብቻህን መሄድ አማረህ። «ሰው አጠገቤ ካለ ጫካው አይሰማኝም» ትለኝ ነበር።

በመጨረሻው ጉዞ ብሩክ አብሮህ ሊሄድ ተስማምቶ ጉንፋን ጣለው። «አንድ ሳምንት ጠብቀው» አልኩህ። «በረዶው አይጠብቀኝም» አልከኝ። ስልክ በማይሠራበት ቦታ እርዳታ የምትጠራዋን መሣሪያ ከሻንጣህ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ተውካት። «እሷን ከያዝኩማ ምኑን ብቻዬን ሆንኩ?» ብለህ ሳቅክ። በአምስተኛው ቀን አገኙህ። እንጨት ስትፈልጥ መጥረቢያው አዳልጦህ ቅልጥምህን ቆርጦሃል።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «የሚወደውን እያደረገ ነው የሞተ» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው «እኛንስ አይወደንም ነበር?» ብዬ ጮህኩ። ሶስና እያለቀሰች ወጣች። ልጄ ፊት እንደዚያ ያስጮህከኝ አንተ ነህ።

ባለፈው ወር ሶስና ቦታውን ካላየሁ አለች። ተጣላን። በመጨረሻ ከብሩክ ጋር ሆነን ሦስታችንም ሄድን። የመራን ያገኘህ የጫካ ጠባቂ ራሱ ነው። በረዶው እስከ ጉልበት ይውጣል። ድንኳንህ የነበረበትን አሳየንና ቁልቁል መውረዱን ቀጠለ። ወዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«የሞተው እዚያ አይደለም» አለኝ። «እግሩን በጨርቅ አስሮ፣ በክርኑ እየተሳበ ወደ መኪናው ሲሄድ ነበር። መንገዱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።»

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እሳትህ ዳር፣ ጫካህን እያዳመጥክ ያንቀላፋህ ነበር የሚመስለኝ። በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ ሰደብኩህ፤ የማውቀውን ስድብ ሁሉ። ጠባቂው ፊቱን አዞረ። ሶስና አጠገቤ ተቀመጠችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «እማ፣ አባቢ እየመጣ ነበር» አለችኝ።

ንዴቴ አልበረደም፤ አልዋሽህም። ግን ከእንግዲህ ማንም ጫካው ውስጥ በሰላም እንደተኛህ አድርጎ ሲያወራ ዝም አልልም። እስካለሁ የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ በክርንህ እየተሳብክ፣ ረፍዶብህ፣ ወደ እኛ ስትመጣ።

ባለቤትህ፣
አልማዝ