ከኋላ እየመጣ ነው ለተባለው ሰው ስለተሰጠው የወርቅ ዝናር

ይድረስ ለክቡር ሊቀ ዝናር ወልደተንሣኤ፣ የዘንገማ መንግሥት ታላቁ የክብር ማኅበር ለሆነው ለወርቅ ዝናር አለቃ፤ ደብረ ብርሃን፣ ከድንኳንዎ።

ክቡርነትዎ እንደምን ከረሙ? የደብረ ብርሃን ውርጭ ማዕረግ ስለማይለይ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎ፣ ነፋሱም የድንኳንዎን ካስማ እንዳይነቅልብዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔም በአንኮበር ከአፋፉ ላይ ባለችው ቤቴ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ በደህና አለሁ። ይህ ደብዳቤ ሳይታሸግ ቢደርስዎ ንቀት አይምሰልዎ፤ ማኅተም የሌለኝ ሴት ነኝ። ፊደል የለየሁትም የቆሎ ተማሪዎች ከአጥሬ ጀርባ ሲጮሁ እየሰማሁ ስለሆነ፣ ስሕተት ቢገኝበት የሚያውቅ እንዲያርመው ብዬ በመንገድ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያየው ፈቅጃለሁ። የሚያመጣልዎ ወልደ ሰንበት ድምፁ ያማረ ነውና ወደ ድንኳንዎ ከመግባቱ በፊት በገበያው መካከል ጮክ ብሎ እንዲያነበው ለምኜዋለሁ።

በመልእክተኛዎ እጅ የላኩልኝ ጽሕፈት ደርሶኛል። የጭነት በቅሎ ነጂ የነበረው ባለቤቴ ታመነ በቆላው ዘመቻ በሞተ በሁለተኛው ዓመት የመንግሥትዎ ታላቅ ክብር እንደተሰጠው፣ እኔም ለመጪው በዓል ደብረ ብርሃን መጥቼ በሕዝብ ፊት «የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው» ብዬ ከመሰከርሁ በኋላ ዝናሩን እንድቀበል መታዘዜን አንብቤአለሁ። በማኅበሩ ሥርዓት ከጎኑ ባለዝናር የወደቀለት አዛዥ እርሱም ዝናር ይታጠቃልና፣ የታመነ አዛዥ የነበሩት ፊታውራሪ ገብረአብ የእኔን ቃል በጉጉት እንደሚጠብቁም ተረድቻለሁ። የአንድ ታላቅ ሰው ወገብ በአንዲት መበለት ምላስ ላይ መንጠልጠሉ ለእኔ የማይገባ ክብር ነው። ሆኖም ምላሴን ከማንቀሳቀሴ በፊት በጽሕፈቱ ያልገቡኝን ነገሮች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ታመነ ከመውደቁ በፊት ጋሻውን ነቅንቆ ረጅም ፉከራ ፎከረ ይላል። በታመነ እጅ የነበረው የጭነት ጠፍር እንጂ ጋሻ አልነበረም። ደግሞም ተብታባ ነበረ፤ ከደጅ ቆሞ «ደህና አመሸሽ» ማለት ሲጀምር እኔ እሳት አንድጄ፣ ወጥ አሙቄ፣ መሶቡን አቀርብ ነበር። ያን ሁሉ ፉከራ እስኪጨርስ ጠላት ቆሞ ጠብቆት ከሆነ፣ ዝናሩ የሚገባው ለጠላት ትዕግሥት ይመስለኛል።

ሁለተኛ፤ ፊታውራሪ ገብረአብ እስከ ሐሙስ ጀምበር መጥለቂያ ድረስ ከታመነ ሬሳ ሳይለዩ ተዋጉ ይላል። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት እሮብ ቀትር ላይ በደጄ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። በእኛው በቅሎ በዳማ ላይ ተቀምጠው ነበር። እርሳቸው የመቆም ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ዳማ ግን ቤቷን ስላወቀች እግሯን ተክላ እንቢ አለች። ጎረቤቴ እናናየሁ ልጓሟን ይዛ፣ እኔ ውሃ አቅርቤላት፣ «ጌታዬ፣ ታመነስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከኋላ እየመጣ ነው» አሉኝና በአለንጋ መትተዋት ሄዱ። ሐሙስን ቆላ የሚዋጋ ሰው እሮብን አንኮበር መገኘቱ ከቅዱሳን በቀር ለማንም ያልተሰጠ ጸጋ ስለሆነ፣ ማኅበርዎ ዝናር ከሚያስታጥቃቸው ይልቅ ታቦት ቢያስቀርጽላቸው ይሻል ነበር።

ሦስተኛ፤ ዳማ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ክቡርነትዎ ከድንኳንዎ ወጣ ቢሉ የፊታውራሪውን ጓዝ ተሸክማ ያገኟታል፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ ነው። ከዚያ ስፍራ እውነቱን ይዛ የመጣች እርሷ ብቻ ስለሆነች በምስክርነት እንድትጠራ፣ ዝናርም ቢተርፍ እንዲታሰርላት አመለክታለሁ። ወገቧ ሰፊ ነውና ወርቁ እንዳያንስ አስቀድሞ ይታሰብበት።

አራተኛ፤ ዝናሩን የተቀበለች መበለት በየዓመቱ ለባለዝናሮች ሁሉ ትደግሳለች፣ ስትሞትም ዝናሩ ለማኅበሩ ይመለሳል ተብሏል። ክብሩ ለሟች፣ ድግሱ ለመበለት፣ ወርቁ ለማኅበሩ እንዲሆን አድርጎ የደለደለው ሊቅ ማን እንደሆነ ቢነገረኝ ገብሴን እንዲያካፍልልኝ እጠራው ነበር።

አምስተኛ ብዬ ደግሞ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ታመነ ከመሄዱ በፊት የጎረቤታችን ባል ከዘመቻ የተሸለመውን ለምድ ደርቦ ሲገባ አይቼ፣ «የሰው ባል ለምድ ለብሶ ይመጣል፣ አንተ የበቅሎ ጭራ ስታይ ትኖራለህ» ብዬው ነበር። ሊመልስልኝ ጀመረ፤ ቃሉ እስኪወጣለት ግን አልጠበቅሁትም፣ እንስራዬን አዝዬ ወረድሁ። በሳምንቱ ከፊታውራሪው ጓዝ ጋር ተነሣ። እንግዲህ የተመኘሁትን፣ ከለምድም የሚበልጠውን፣ እርስዎ ሰጥተውኛል። ጠላት እንኳ ቃሉን እስኪጨርስ ጠበቀው ብሎ የጻፈው ጸሐፊዎ ሌላውን ሁሉ በሳቅ ሲያስነብበኝ ይህን ብቻ በሳቅ እንዳላልፈው አድርጎኛል።

ስለዚህ ዝናሩ ይቅርብኝ። ከጓዝ ነጂዎቹ አንድም የተመለሰ ስለሌለ፣ ታመነ የተኛበትን የሚያውቅ ከፊታውራሪው በቀር ሰው የለም። ከየትኛው ወንዝ ማዶ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር ጥለውት እንደመጡ ይንገሩኝ። አጽሙን አምጥቼ አባቶቹ ካረፉበት ደብር ላሳርፈው። ይህን ሁለት ጊዜ በአሽከራቸው በኩል ልኬ ጠይቄ ምላሽ አጥቻለሁ። የነገሩኝ እንደሆነ በበዓሉ ቀን እመጣለሁ፤ ፊታውራሪ ገብረአብ ያፈሩበትን ስፍራ በገዛ አፋቸው ተናገሩ ብዬ በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ። ለዚህ ጀግንነት ዝናር የሚገባቸው ከሆነ እኔው በእጄ አስታጥቃቸዋለሁ። ካልነገሩኝም መምጣቴ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ግን የምመሰክረው ስለ እሮብ ነው፣ እናናየሁም ስንቋን ቋጥራለች።

የዝናርዎ ወርቅ አይደብዝዝ፤ የማኅበርዎ ጽሕፈት ቤት ብራናና ቀለም አይጣ፤ ባለዝናሮችዎም እንደ ፊታውራሪው በአንድ ጊዜ ሁለት ስፍራ የመገኘትን ጸጋ ያግኙ እያልሁ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እጅ የምነሣ

ወለተ ጊዮርጊስ፣ የታመነ ሚስት
አንኮበር፣ በወርኃ ጥር ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት

ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ያሰብሁት፤ ፊታውራሪው «ስፍራው ተረስቶኛል» የሚሉ እንደሆነ ብዙ አይጨነቁ፣ ዳማን ብቻ ይልቀቁልኝ። አንድ ጊዜ የረገጠችውን መንገድ አትስትም። ከኋላ እየመጣ ነው የተባለው ሰው እስከ አሁን አልደረሰምና፣ እርሷና እኔ ሄደን እንቀበለዋለን።