መኪናው ይሂድ፣ ሰው ይቆይ ያሉት ሾፌር

እናታችን፣ ብዙዎቻችሁ «እትዬ ማርሽ» የምትሏቸው፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከመካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። በወንድሞች መካከል ብቸኛ ሴት ልጅ ነበሩ፤ ቁጭ በይ ሲሏቸው ይቆማሉ፣ ቁሚ ሲሏቸው ይሮጣሉ። አባታቸው ሞተር ሲፈቱ መፍቻ የሚያቀብሉት እሳቸው ስለነበሩ፣ አንድም ዘይት ያልነካው ቀሚስ እንዳልነበራቸው አያታችን ዕድሜ ልካቸውን ሲያማርሩ ኖረዋል።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቀው ቢሮ ይገባሉ ሲባል፣ ሄደው ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ተመዘገቡ። ፈታኙ ከላይ እስከ ታች አይተዋቸው፣ «ለመሆኑ እግርሽ ፍሬን ላይ ይደርሳል?» አሏቸው።

«ባይደርስ ኖሮ እዚህ ድረስ ባልመጣሁ» ብለው መለሱ፤ ፈተናውንም አለፉ።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ጀመሩ። ቅጽል ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው፤ ወሬ ሲንዛዛ ወይም ስብሰባ ሲጎተት «ኧረ ማርሽ ቀይሩ!» ይሉ ነበርና። ሬዲዮ ጠጋኙ አባታችን ደግሞ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው በየቀኑ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሳፈሩ ነበር። አንድ ቀን እናታችን፣ «አንተ ሰው፣ እዚህ ማን አለህ?» ቢሏቸው፣ «ሾፌሯ አለችኝ» አሉ። በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ጡረታ ሲወጡ አርፈው ይቀመጣሉ ብሎ ያሰበ ካለ፣ እናታችንን አያውቅም። አንድ ጠዋት የኩላሊት እጥበት የሚከታተሉ ጎረቤታችንን፣ የሆስፒታሉ መኪና ቀርቶባቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸውና በአባታችን አሮጌ መኪና ይዘዋቸው ከነፉ። ወሬው ተሰማ፤ ሌሎችም ሕመምተኞች ጠሩ፤ መኪና ያለው ጡረተኛ ሁሉ መጣና የበጎ ፈቃድ ማኅበሩ ተመሠረተ። እነዚህ ሾፌሮች አድርሰው አይመለሱም ነበር። አብረው ይጠብቃሉ፣ ቤት ድረስ ደግፈው ያስገባሉ፣ መብራት አብርተው፣ ውሃ በእጅ አቅራቢያ አስቀምጠው ይወጣሉ።

ከዚያ የመንግሥት አገልግሎት ማሻሻያው መጣ። ሆስፒታሉ የራሱን መኪኖች ሊያቆም፣ ሥራው በጨረታ ሊሰጥ፣ ማኅበራትም ከኩባንያዎች ጋር ሊወዳደሩ ሆነ። ማኅበራችን ብቻውን አይችለውም ነበር። እናታችን የጡረተኛ መምህራንን፣ የሰፈሩን ሴቶች ማኅበርና ከእኛ ጋር ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጠውን የእግር ኳስ ደጋፊዎች ክበብ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡ። የደጋፊዎቹ ሊቀመንበር ተነሥተው፣ «እኛ በእናንተ ስም አንገባም!» አሉ።

«እንግዲያው በእናንተ ስም እንግባ» አሉ እናታችን።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ ጠቡም በዚያው በረደ። በእግር ኳስ ደጋፊዎች ክበብ ስም የሕመምተኛ ማመላለሻ ጨረታ ገብተው አሸነፉ! ያን ዕለት የመኪናው ጡሩምባ ጆሮ አደነቆረ፤ እናታችንም ደስታቸው ቅጥ አጥቶ መሪውን እየለቀቁ ሲያጨበጭቡ፣ አባታችን «እባክሽ፣ ሳንሞት!» እያሉ ይለምኑ ነበር።

ድሉ ግን መዘዝ ነበረው። በውሉ መሠረት ሾፌሩ ሰው በር ላይ አውርዶ ወዲያው ወደ ሌላው መብረር አለበት። ገሚሱ ሾፌር ደመወዝተኛ ሆነ፤ ገሚሱ «እሱ በደመወዝ፣ እኔ በምርቃት?» ብሎ ቀረ። እኚያ የመጀመሪያው ተሳፋሪ ጎረቤታችንም አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ድሮ እንግዳ ነበርኩ፤ አሁን ጭነት ሆኛለሁ» አሏቸው። እናታችን ያን ቀን ምግብ አልቀመሱም።

በማግስቱ ውሉን ሊመልሱ ቆርጠው ወደ ማሻሻያው ኃላፊ ቢሮ ሄዱ። ኃላፊዋ ወጣት ሴት ነበሩ፤ በትዕግሥት አዳመጧቸውና፣ «እትዬ፣ ሾፌሩ እዚህ አንድ ሰው ሲጠብቅ፣ ዳር ሰፈር ያሉት ሕክምናቸው ያልፋቸው ነበር። ውሉን ቢመልሱ እነሱ ምን ይሁኑ?» አሏቸው።

እናታችን በኋላ ሲነግሩን፣ «እውነቷን ነው፤ እኔ የማየው የራሴን መስመር ብቻ ነበር» ብለዋል። ከዚያም ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «እንዲህ ከሆነ መኪናው ይሂድ፤ ሰው ግን አብሯቸው ይቆይ!» አሉ።

ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ማሽከርከሩ በደመወዝ የሚሠራ ሙያ ይሁን፤ በጎ ፈቃደኛው ደግሞ ከሕመምተኛው ጎን ተቀምጦ አብሮ ይግባ፣ አብሮ ይውጣ፤ ሰዓትም አይቆጠርበት። ኃላፊዋ ለሙከራ ፈቀዱ። የቀሩት ሁሉ ጎርፈው ተመለሱ! መንዳት የማይችሉ ሳይቀሩ መጡ፤ ዳር ሰፈሮችም አልተረሱም። ሙከራው ቋሚ አሠራር ሆኖ ሲጸድቅ እናታችን የማኅበሩን ሊቀመንበርነት ለደጋፊዎቹ መሪ አስረክበው፣ ራሳቸው አጃቢ ሆኑ። «አሁን ነው ሥራ የያዝኩት!» ይሉን ነበር፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ማልደው እየተነሡ።

አባታችን ካረፉ በኋላ የልብ ሕመም ጠናባቸው። በሐኪሞች ብዙ ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ እጃቸው በልጆቻቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ታናሽ ወንድም፣ እንዲሁም ከዘመድ የማይለዩ የማኅበር ጓደኞችን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በብርሃን ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናትን ያድለን።

አንድ ኑዛዜ አላቸው። «በቀብሬ ቀን እጥበት ያለው ሰው ይኖራል፤ እኔን ብሎ ተራውን የሚያስተጓጉል ወዳጄ አይደለም» ብለውናል። ስለዚህ የዛሬ ተረኞች፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ አሁኑኑ ተነሡ። መኪናው ውጭ ቆሟል።