ሁለተኛዋ ተጠቃሚ

ውድ አለቃዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ ተሻላቸው? ስደውልልሽ «መልሼ እደውላለሁ» ብለሽ ስለምትጠፊ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው። ደብዳቤ ቢያንስ መሃል ላይ አይዘጋም።

የሱቃችን አሮጌ ኮምፒውተር ሞተና አዲስ ገዛሁ። ጠጋኙ አምጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ተከለው፤ «መጀመሪያ አፕዴት ያደርጋል፣ እስኪጨርስ እንዳታጠፊው» ብሎኝ ሄደ። አዲስ ነገር ምኑ ይታደሳል? ከካርቶኑ የወጣው ዛሬ ነው። ይህን ልጠይቀው ሳስብ በሩን አልፎ ነበር።

እንግዲህ ቁጭ ብዬ አየው ጀመር። እየቆጠረ መቶ ይደርሳል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡት ጡረተኛው አስተማሪ ከጎኔ ቆመው፣

«አሁን ምን ይላል?» አሉኝ።

«ትንሽ ይጠብቁ ይላል።»

«እኔን ነው አንቺን?»

«ሁለታችንንም ይመስለኛል።»

መሃል ላይ ጥያቄ አወጣ፤ አሁን ሪስታርት ላድርግ ወይስ በኋላ? መቼም ታውቂያለሽ፣ ሱቁን ከከፈትን ጀምሮ እኔ እተይባለሁ፣ ኮምፒውተሩ የሚጠይቀውን ሁሉ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። አለቃ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ሳላስበው አንቺ ወደምትቀመጪበት ወደ ፎቶ ኮፒው ዞሬ «አለቃ፣ ነይ፣ ጠይቆሻል» ብዬ ተጣራሁ። አስተማሪው ዞረው አዩ። ማንም የለም፤ ወንበርሽ ላይ የወረቀት ካርቶን ተቀምጧል። አፈርኩ።

ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። «ወንበሩ ባዶ ከሆነ የእህቴን ልጅ ላምጣልሽ? ኮምፒውተር ተምራ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ባዶ ነው ልበል? እናትሽን አስታምመሽ ልትመለሺ ነው የሄድሽው፤ ሹራብሽ እንኳ መስቀያው ላይ ነው። እመለሳለሁ ያልሽኝም አንቺ፣ ድምፅሽን ያጠፋሽውም አንቺ። አስቀይሜሽ ይሆን? ወይስ እናትሽን ትቶ መምጣት ከብዶሽ፣ ያንን መናገር ደግሞ የባሰ ከብዶሽ ነው? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሚነቅዘው ጠባቂው ነው ለካ። ለማንኛውም «ላስብበት» አልኳቸው።

አፕዴቱ ሲያልቅ ደግሞ ኮምፒውተሩ «የሚጠቀመው ማን ነው?» ብሎ ቆመ። ጠጋኙ ዘንድ ደወልኩ።

«ስምሽን አስገቢያ» አለኝ።

«ሁለት ነን እኮ።»

«ሌላም ሰው መጨመር ይቻላል። እሷ አለች?»

ግራ ገባኝ። «ባትኖርስ?» አልኩት።

«ምን ችግር አለው፤ ቦታዋ ተቀምጦ ይቆያታል። አፕዴት ሲመጣም ላንቺ ብቻ አይደለም፣ ለእሷም ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ ሲያደናግረኝ ከዋለው ነገር ሁሉ የገባችኝ ይቺ ብቻ ናት። መጀመሪያ ስሜን አስገባሁ፤ ቀጥሎ «አለቃ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪውንም ማመልከቻቸውን ስሰጣቸው «ወንበሩ ሰው አለው» አልኳቸው። እውነቴን ይሁን ውሸቴን አላውቅም፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አልመጣም ካልሽም ንገሪኝ። አለቅስ ይሆናል እንጂ አልቀየምሽም።

ቦታሽን ያለ ይለፍ ቃል ነው የተውኩት፤ ስምሽን መንካት ብቻ ነው። አፕዴቱን እኔ ጠብቄ አስጨርሼዋለሁና አንቺን አያስጠብቅሽም።

ካርቶኑን ከወንበርሽ ላይ ያነሳሁት፣
ታይፒስትሽ