አንተ የቋጠርከው ካርበን

ደሜ የኔ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላህ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ግን እበላለሁ፣ የልብስ ስፌት ሱቄንም እከፍታለሁ። ልጃችን ሳሮን ቅዳሜና እሁድ ከመናኸሪያ በባጃጅ ትመጣልኛለች። በረንዳው ላይ ያለው ወንበርህ ላይ ከድመቷ በቀር ማንም አይቀመጥም። እሷን ደግሞ አንተም አልቻልካትም ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ባሕርህ ነው። ሐይቅ አጠገብ እየኖርን ሳሎናችን ውስጥ የጨው ውሃ ገንዳ ስታቆም የታቦር ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ስቆብሃል። አንተ ግን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስትነዳ ያየኸው ባሕር ከዓይንህ አልጠፋ አለህ። ድንጋይ የሚመስሉት ኮራሎች ሕይወት አላቸው ስትለኝ አላምንህ ብዬ ስንቴ ተከራከርን።

አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሳለህ ውሃው ሸተተኝ። ውሃውን ያጠራል እያልክ ካርበን የምትለው ነገር ያው ከሰል ነው ብዬ የማዕድ ቤቱን ከሰል ወቅጬ የገንዳው ማጣሪያ ውስጥ ጨመርኩት። ስትመለስ ገንዳው ጠቁሮ ዓሣ የሚባል አይታይም። ትቆጣኛለህ ብዬ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለህ ሆድህን ይዘህ ሳቅክ። ደግነቱ አልሞቱም። ከዚያ ወዲያ ነው ያስተማርከኝ፤ እውነተኛው ካርበን ጥቁር አቧራው እስኪለቅ ይታጠባል፣ ስቶኪንግ ውስጥ ይቋጠራል፣ በየወሩ ይቀየራል። እሁድ ለአምልኮ የማደርጋቸውን ስቶኪንጎች የጨረስክብኝ በዚህ ነው።

ማጣሪያው ውስጥ የነበረው የመጨረሻው ካርበን ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት የቋጠርከው ነው። የጭነት ሸራ ስታስር እንደምታደርገው ሁለቴ አዙረህ አጥብቀኸዋል። በእጅህ የሠራኸው የመጨረሻ ነገር ስለሆነ መቀየር አቃተኝ። ጨዉን እበጠብጣለሁ፣ ዓሣዎቹን አበላለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፤ እሱን ግን አልነካም። ውሃው ቀስ በቀስ ቀጭን ሻይ መሰለ። የምትወደው ሐምራዊው ኮራል ጣቶቹን መዘርጋት ተወ። ሳሮን «እማዬ፣ ይሄም ከአባዬ ጋር መሞት አለበት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቆጣኋት። እውነቷን ስለነበር ነው የተቆጣሁት።

ትናንት ከሰዓት ያን ቋጠሮ አወጣሁት። በመቀስ መቁረጥ ይቀል ነበር፤ አላደረግኩትም። ወንበር ስቤ በሹካ ጫፍ ቀስ እያልኩ ፈታሁት፤ የትኛው ጫፍ በየትኛው ሥር እንደሚያልፍ እያየሁ። ደሜ፣ ያን ቀን አፈር ስናለብስህ ብዙ ሰው ነበር፣ እኔም እንደ ሰው አለቀስኩ። የተለየኸኝ ግን ትናንት መሰለኝ፣ ጨርቁ እጄ ላይ ሲላላ።

አዲሱን ካርበን አጠብኩት። ውሃው ድንገት ሲጠራ የገንዳው መብራት ኮራሎቹ ላይ ይበረታባቸዋል ትል ስለነበር ግማሹን ብቻ ጨመርኩ። ዛሬ ጠዋት ውሃው ትንሽ ፈካ ብሏል። ሐምራዊው ገና አልተዘረጋም፤ ይዘርጋ አይዘርጋ አላውቅም።

ቢዘረጋም ባይዘረጋም አልረሳህም። አዲሱን ያሰርኩት እንደ አንተ ሁለቴ አዙሬ ነው። ሳሮን ከጎኔ ቆማ ስታይ ቆየችና ከእጄ ተቀብላ አጠበቀችው፤ አባዬ እንዲህ ነበር የሚያደርገው አለችኝ። ለካ እሷ ድሮም ታውቀው ኖሯል።

ያንተው አስቴር