አባትህ ድምፅ የላትም የሚላት ፒካፕ

ቦንጋ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሆዴ ልጅ ኢዮሲያስ፣

እንዴት ነህልኝ? እኛ በጤና አለን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። አባትህ አጠገቤ ተቀምጦም ብነግርህ አይሰማኝም። ይህን ሳስብ አፈርኩና መጻፍ ጀመርኩ። የጎረቤታችን ልጅ ዋለ ነገ ማለዳ በሚኒባስ ወደ ጅማ ስለሚሄድ በእጅህ ይሰጥሃል።

ነገሩ የፒካፗ ነው። አሮጌዋን ሸጦ ይችን ደብል ጋቢና ከገዛ ወዲህ አባትህ አወድሷት አይጠግብም። ወንበሯ ወገቤን አዳነኝ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ በአሮጌዋ ከዋጫ ቦንጋ ስንደርስ ሁለታችንም ጎብጠን ነበር የምንወርደው። ዳገት ላይ አትለግምም፣ ጭቃ አትፈራም፤ ይህን እኔም እመሰክርላታለሁ። "ድምፅ የሚባል የላትም" ሲል ግን አልመሰክርለትም። ከወር ወዲህ ትጮኻለችና።

አባትህን ጋሽ ሣህሌን ታውቀዋለህ። የቦንጋ ሾፌር መኪናው ሲታመምበት ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ጋሽ ሣህሌን ጋቢና አስቀምጦ ይነዳ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና የትኛው ጎማ እንደሆነ ይናገራል። ታዲያ ጋሽ ሣህሌ ደህና ናት ያላትን መኪና ማን ታማለች ይላል? እኔም ከእሱ ጆሮ አላውቅም ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ከዋጫ ቡና ጭነን ስንመለስ ነጋዴዋ አስማ ከኋላ ወንበር ነበረች። ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ቀኙ ጎማ ብረት ለብረት እንደሚፋጭ ይጮህ ጀመር። አስማ ትከሻዬን ነካች። አቁም አልኩት። ጮክ ብዬ ደገምኩት። እሱ መንገዱን እያየ ስለ ወንበሯ ያወራል። በመጨረሻ ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት። ቆመ፣ ወረደ፣ ጎማውን በመዳፉ ነካና እጁን ቶሎ መለሰ፤ አቃጥሎታል። ኩሽኔታው ሊበተን ነበር። ከስር ገደል ነው ልጄ።

ቀና ብሎ አየኝ። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጮኸው?" አለኝ።

"አሁን ገና ነው" አልኩት።

አስማ አንገቷን ደፋች። ዋሸሁት፤ ፊቱን ብታየው አንተም ትዋሽ ነበር።

ኩሽኔታው ተቀይሯል። የእሱን ጆሮ ማን ይቀይረዋል? ቅዳሜ ለኅዳር ጽዮን መዘምራኑን ከኋላ ጭኖ ቢታ ገነት ሊያደርስ ቃል ገብቷል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው "ምን ሆኜ?" አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ግን ከራሱም ደብቆታል። ብናገር ቅስሙ ይሰበራል፤ ዝም ብል የሰው ልጅ ያልቃል። አንተ የበኩር ልጁ ነህ፤ ና፣ መሪውን ተቀበለው። ምክንያት አታብዛበት።

እስከዚያ ቁልፉን ደብቄበታለሁ። ትርፉ ቁልፍ ዋጫ አጎትህ ፍቃዱ ጋ ነው፤ ነገ ማታ ይዤው እደርሳለሁ ብሏል። የእኛው አሁን ስጽፍልህ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው፣ ከጓዳው ቁልፎች ጋር ታስሮ። ጠዋት አይተሽዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አላየሁም ብዬ አብሬው ቤቱን ዞርኩ። በተራመድኩ ቁጥር ኪሴ ይንሿሿል። እሱ ከጎኔ ነበር።

ጽዮን ማርያም መንገድህን ታቅናልህ። ነገ ሳይመሽ ድረስልን።

እናትህ በዛወርቅ